የማይረጋው ዘይት

ሱቅ ውስጥ አስቸጋሪ ሰው ነኝ። በሽንኩርት እከራከራለሁ፣ በስኳር እከራከራለሁ፣ በአንድ ሳሙና ባለሱቁን እስኪሰለቸው አነታርከዋለሁ። የሰሊጥ ዘይት ላይ ስደርስ ግን አፌን ዘግቼ የተጠራውን እከፍላለሁ። "እህቴ፣ ያኛው ይረክስልሻል፤ ያው ዘይት ዘይት ነው" የሚለኝ አይጠፋም። ያው አይደለም። ግን ይሄ ለባለሱቅ ቆሞ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ዘይቴን ይዤ እወጣለሁ።

ባለፈው ጥር አክስቴን ልጠይቅ ሱዳን ድንበር አጠገብ ወዳለችው ገንዳ ውሃ ከተማ ወርጄ ነበር። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዤ ወደ ድሮ ሰፈራችን ስንታጠፍ ሽታው መጣብኝ። ሞቅ ያለ፣ ተቆልቶ የተፈጨ ሰሊጥ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። ድሮ የሽማግሌው የአም ኢድሪስ ዘይት መጭመቂያ በነበረበት ቦታ አንድ ሰውዬ በሞተር ዘይት ይጨምቃል።

"እዚህ ጋ አውርደኝ" አልኩት ልጁን።

"አልደረስንም እኮ።"

"አውርደኝ አልኩህ!"

ምስኪን፣ ምንም ሳያጠፋ ጮኽኩበት። ወርጄ አንድ ሊትር ገዛሁና ጠርሙሱን አቅፌ አጥሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ። አሥር ዓመቴ ነበር ያኔ፣ አራተኛ ክፍል።

እናቴን አላውቃትም፤ እኔን በወለደች በዓመቷ ወባ ወሰዳት። አባቴ አበጀ ይባላል፤ ለአንድ ክረምት የጉልበት ሥራ ብሎ ከጎጃም ወርዶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። በሐምሌ ሰሊጥ ያርማል፣ በመስከረም መጨረሻ ያጭዳል፣ ከዚያ ማሽላ ይቆርጣል። እናቴ ስትሞት ታላቅ እህቱ እቴቴ ብርቄ ከደጋ ወርደው እኔን ሊያሳድጉ መጡ። አባቴን አንተ፣ እቴቴን አንቱ እላለሁ፤ ቤታችን እንዲህ ነበር።

እቴቴ መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሰሊጥ ያበጥራሉ። ጠዋት ወጥተው ሲመለሱ ቅንድባቸው ሳይቀር አቧራ ለብሶ፣ ሲስሉ አቧራ ሲተፉ ነው የማስታውሳቸው። የተበጠረው ሰሊጥ በጆንያ ተደርድሮ መኪና ላይ ይጫናል፣ ይሄዳል። "ወዴት ነው የሚሄደው?" ብዬ ስጠይቃቸው "ለሚበሉት" ይሉኛል። ይቺ መልስ አትገባኝም ነበር። እኛስ?

እቴቴን ቆጣቢ ማለት ያንሳቸዋል። ክብሪት እንጨት በምላጭ ለሁለት ሲሰነጥቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ሽንኩርት ትንንሹን፣ ቲማቲም ገበያ ሊፈታ ሲል የተጨፈለቀውን ይገዛሉ። የእኔ ጫማ ሁልጊዜ ከሁሉ የረከሰው ላስቲክ ነው፤ "ጫማ ምን ይሆናል፣ የሚረገጥ ነገር!" ይላሉ። ወደ አፍ ከሚገባው ግን በሦስት ነገር አይደራደሩም። የተፈጨ በርበሬ ቤታችን አይገባም፤ "ጡብ ፈጭተው ቢሰጡኝ በምን አውቃለሁ?" ብለው ዛላውን ይገዛሉ። ሻይ ቅጠል ከሱዳን፣ ከጋላባት የሚሻገረውን ነው፤ ርካሹን "የመንገድ ብናኝ" ነው የሚሉት። ሦስተኛው ዘይት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ከቢጫ ጀሪካን የሚቀዳውን የሚረጋ ዘይት በስኒ እያስለካ ሲገዛ፣ እኛ ድሆቹ የሰሊጥ ዘይት እንበላለን፣ ያውም ከአም ኢድሪስ የተጨመቀውን። ሰው ያማን ነበር።

"የሚያማ ይሙት!" ይላሉ እቴቴ ሐሜቱ ሲደርሳቸው። "ወንድሜ ጀርባው እስኪጎብጥ ያጨደውን ሌላ እየበላው፣ እሱ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዘይት አይበላም!"

ዘይት መግዛት የእኔ ሥራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠርሙሴን በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ጠቅልዬ እሄዳለሁ። አም ኢድሪስ ከሱዳን የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ እኛ ሰፈር የሱዳን ሽማግሌ ሁሉ አም ነው የሚባለው። መጭመቂያቸው እንደ ትልቅ ሙቀጫ ያለ ግንድ ነው፤ ዓይኑን በጨርቅ የሸፈኑት ግመል እሱን እየዞረ ሰሊጡን ያደቀዋል። ግመሉ ወደ ሱዳን እየሄደ የሚመስለው ይመስለኝ ነበር። ጨርቁን ሲያነሱለትና እዚያው መሆኑን ሲያይ ምን ይሰማው ይሆን እያልኩ አዝንለታለሁ። አም ኢድሪስ ሳይቀዱልኝ በፊት አንዲት ጠብታ መዳፌ ላይ ጣል አድርገው "ቅመሺ" ይሉኛል። እልሳለሁ። ካልላስኩ አይቀዱም።

አባዬ የዚያን ዓመት ከአጨዳ ሲመለስ ከእነ ማጭዱ፣ ከእነ ላቡ፣ ከእነ ጥቁር አፈሩ ገባ። ሰሊጥ ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም፤ አንድ ሳምንት ከቆየ ቅርፊቱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ እዚያው እርሻው ላይ፣ ግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀው ዋልካ አፈር ላይ ነው የሚተኙት። ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፉል ነው። ባቄላውን ራሱ በጠርሙስ ቂጥ ይደቁሰዋል፣ ሽንኩርት ይከትፍበታል፣ ከዚያ ዘይቱን እያዞረ ያፈስበታል። ዓይኑን ጨፍኖ ያሸተዋል።

"ይቺን ይቺን ነው እዚያ በረሃ በሕልሜ የማያት" ይላል። "እህሉ መሀል ተኝቼ ዘይቱ ይናፍቀኛል። ጉድ አይደል?"

በኅዳር ትኩሳት ያዘው። ወባ ነው ተባለ፣ ኪኒን ዋጠ፣ ተሻለው፣ መለሰበት። ማሽላ ቆረጣ ሳይሄድ ቀረ። ታኅሣሥ ላይ እግሩና ክንዱ እየቀጠነ ሆዱ ብቻ እየገፋ መጣ። እኔ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ! በከተማችን ሆድ ያለው ባለሀብት ብቻ ነው፤ ፒካፕ የሚነዱት፣ መጋዘን ያላቸው። አባዬ ሥራ ትቶ ቤት ተቀመጠ፣ ሆድ አወጣ፤ ሀብታም መሆን ጀመረ ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ለጓደኞቼ "አባቴ ቦርጭ አወጣ" ብዬ ጉራዬን ነፋሁ።

ምግብ ዘጋው። እቴቴ እንቁላል ቢሉ፣ ሾርባ ቢሉ አሻፈረኝ አለ። የሚቀምሳት ያቺኑ ፉል ናት፣ ለዘይቱ ሲል። እቴቴ ከራሳቸው ምሳ እየቀነሱ ጠርሙሷ እንዳትጎድል አደረጉ። "ቅዳሜን አትጠብቂ፤ ሲያልቅ ሮጠሽ ሂጂ። ከአም ኢድሪስ ብቻ! ሰማሽ?" ይሉኛል።

ሰማሁ። ግን በመንገዱ ላይ አንድ ሱቅ አለ። ባንኮኒው መስታወት ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ ጣህኒያ አለ። ጣህኒያ የሱዳን ጣፋጭ ነው፣ ሰሊጥ ከስኳር ጋር ተፈጭቶ የሚረጋ፣ በቢላዋ እየተቆረሰ የሚሸጥ፤ አፍ ውስጥ እንደገባ ይፈርሳል። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከጓደኛዬ ለምኜ ነው የቀመስኩት።

አንድ ቀን አም ኢድሪስ ዘንድ ስደርስ ግመሉ ታሞ ተኝቷል፣ ጭመቃ የለም። በባዶ ጠርሙስ መመለስ ፈራሁና ያ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከቢጫው ጀሪካን ቀዳልኝ። መልስ ተረፈኝ። የተረፈውን መዳፌ ውስጥ ይዤ መስታወቱን አየሁት፣ መስታወቱም አየኝ። አንድ ቁራሽ ቆረሰልኝ። እዚያው ከሱቁ ጀርባ ቆሜ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ጣቴን እየላስኩ ጨረስኩት።

ግመሉ በሳምንቱ ዳነ። እኔ ግን አልዳንኩም። ከዚያ ወዲህ ወደ አም ኢድሪስ የምሄደው ከስንት አንዴ፣ ለሽታው ያህል ጥቂት ለማስቀዳት ነው። የቀረውን ከጀሪካን እሞላና ጠርሙሱን እንጠዋለሁ። ብልጠቴ ራሴን አስደንቆኝ ነበር። እቴቴ አቧራው አፍንጫቸውን ደፍኖት ሽታ አይለዩም። አባዬ ፉሉን ጎርሶ አጣጥሞ "አም ኢድሪስ ሰሊጥ ለወጡ መሰለኝ" አለ አንድ ቀን። በልቶ ሳህኑን መለሰልኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሰሊጥ ያጨደ ሰው ዘይት አይለይም ብዬ ማሰቤን አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማላጋት ያምረኛል።

የጥምቀት ማግስት መጋዘኑ ዝግ ስለነበር እቴቴ ቤት ዋሉ። እኛ አገር ብርድ የሚባል ነገር ብዙም አይታወቅም፤ በጥር ግን አንዳንድ ጠዋት ቀዝቀዝ ይላል፣ ሰው ጋቢ ይፈልጋል። ያን ቀን እንደዚያ ነበር። እቴቴ ለአባዬ ፉል ሊሠሩ ብለው ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አወረዱት። ቡሹን ነቅለው ሳህኑ ላይ ደፉት። ምንም አልወረደም። አራገፉት። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት። ዘይቱ ነጭ ሆኖ፣ እንደ ሞራ ረግቶ ጠርሙሱ ላይ ተጣብቋል።

የሰሊጥ ዘይት አይረጋም። ይሄን እዚያ አገር ሕፃን ያውቀዋል፤ ጀሪካን ውስጥ ያለውን የሚረጋው እያልን የምንጠራውም ለዚህ ነው። እኔም አውቅ ነበር። ብርድ እንደሚመጣ ግን አላሰብኩም።

"ጥሩ!" አሉ እቴቴ። ስሜን ጥሩወርቅን ሲያሳጥሩት ነው፤ ያን ቀን ግን ስም ሳይሆን ጅራፍ ነበር። "ይሄ ምንድን ነው?"

እግሬ ሥር ያለው መሬት ቢከፈት ብዬ ተመኘሁ። እቴቴ ጠርሙሱን ይዘው ወደ እኔ አንድ እርምጃ መጡ።

"እኔ ነኝ" አለ አባዬ ከአልጋው።

"አንተ ምን?"

"እኔ ነኝ ርካሹን ግዢ ያልኋት። ልጂቱን ተያት፣ እቴቴ።"

እቴቴ ዞሩ። "ለምን?"

"ምን ለውጥ አለው? አንቺ ምሳሽን እየተውሽ እኔ ዘይት ልጠጣ? ሆዴ እንደሆን ምንም አያጣጥም። የተረፈውን ለሷ ደብተር ይሆናል ብዬ ነው።"

እቴቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ በንዴት። "ለራስህ ሰሳህ!" አሉት። "አፌን አስሬ ያመጣሁልህን አንተ ለራስህ ሰሳህ! እኔ ለማን ብዬ ነው ያን አቧራ የምውጠው? በል ንገረኛ!" ጠርሙሱን በበሩ ወረወሩት። አልተሰበረም። ግቢው መሀል ተኝቶ ዋለ፤ ፀሐይ ስትበረታ ዘይቱ ቀልጦ መልሶ ጠራ፣ ምንም እንዳልሆነ።

እሱን ነው ቆሜ ያየሁት። እቴቴ የሰሊጥ ዘይት ፍለጋ እያለቀሱ ሲወጡ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ዘይቱ ሲቀልጥ አየሁ። በዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ፤ ማለት እንደ አሥር ዓመት ልጅ። አባዬ ባለሀብት አልሆነም። እኔ ያበላሁት ዘይት ነው ሆዱ ውስጥ ረግቶ የነፋው።

ስለዚህ አቀልጠዋለሁ አልኩ። ገብቼ እጁን ጎተትኩት። "አባዬ፣ ፀሐይ ሙቅ።"

"ደክሞኛል፣ እማ።"

"ትንሽ ብቻ! በእናትህ፣ ትንሽ!"

ተነሣ። ትከሻዬን ተደግፎ ወጣ፤ ክብደቱን ያን ያህል እንዳልሰማሁት ትዝ ይለኛል። አጥሩ ሥር አጎዛ አነጠፍኩለት፣ ሸሚዙን ገልጬ ሆዱን ለፀሐይ ሰጠሁት። ሆዱ ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ በግራ በኩል እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር አለ። ረግቶ የቀረው ዘይት እሱ መሰለኝና በመዳፌ አሸው ጀመር። ጥላ ወደ እሱ ሲመጣ አጎዛውን ጎትቼ ወደ ፀሐይ አዞረዋለሁ። ላብ በላብ ሆነ። ከንፈሩ ደረቀ። ምንም አላማረረም፤ አንድ ጊዜ ብቻ "ምነው እማ፣ ፀሐይ አበዛሽብኝ?" አለኝ። ለምን እንደሆነ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

አባዬ አየኝ። ፀጉሬን ዳበሰኝና "ጣፈጠሽ?" አለኝ።

"ምኑ?"

"ጣህኒያው። ወር ሙሉ ዘይቱ ሰሊጥ አይሸትም፣ አንቺ ግን አፍሽ ሰሊጥ ሰሊጥ ይለኛል።"

ጣፍጦኛል ልበለው? አልጣፈጠኝም ልበለው? ራሴን ነቀነቅኩ፤ አዎ ማለቴ ነበር። ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት። "ደግ" አለ። "አንዳችን ከበላነው ምናለ። ደግሞ ሲገኝ ለእኔም አንዲት ቁራሽ አትርሺኝ። ለእቴቴ ግን ትንፍሽ እንዳትይ፤ ትገድልሻለች።"

በማግስቱም ፀሐይ አሞቅኩት። በሦስተኛው ቀን ከአፍንጫው ደም መጣና እቴቴ ጎረቤት አስቸግረው መኪና ላይ አወጡት፣ ወደ ሆስፒታል ይዘውት ሄዱ። መኪናው ከመነሳቱ በፊት እጁን በመስኮት አውጥቶ ነበር፤ ወደ እኔ ይሁን ለአየር ብሎ አላውቅም። እኔ ጎረቤት ዘንድ ቀረሁ። በሌሎች ልጆች ፋንታ ውኃ እየቀዳሁ ባገኘሁት ሳንቲም አንድ ቁራሽ ጣህኒያ ገዛሁለት፤ አልላስኩትም፣ ጣቴን እንኳ አላስነካሁትም። ባዶ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ከድኜ አልጋው ሥር አስቀመጥኩት።

አሥር ቀን ቆይቶ እቴቴ ብቻቸውን ተመለሱ። ልቅሶው ሲጀመር ሮጬ ቆርቆሮውን ከፈትኩት። ጉንዳን ጨርሶታል።

ለቀስተኞች ስለ ሆዱ ሲያወሩ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ እሰማ ነበር። "እንዲያ አብጦ..." ሲሉ ገደልሽው የሚሉኝ ይመስለኛል። ሐኪሙ ለእቴቴ የነገራቸው ሌላ ነው፦ ካላዛር። ግራር ሥር፣ በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ የምትኖር ዓይን የማትሞላ ዝንብ ነክሳው፣ ጣፊያው ነው ያበጠው፣ ዘግይቷል። ይሄን ሁሉ አሁን አውቀዋለሁ። ዘይት ሰው አይገድልም። ግን አባቴ በመጨረሻው ወሩ ከዓለም የፈለገው አንድ ነገር ነበር፣ እቴቴ ከጉሮሯቸው ቀንሰው ከፈሉለት፣ እኔ በላሁት። ይሄን የትኛው ሐኪም ያነሣልኛል?

ባለፈው ጥር ያን አንድ ሊትር ይዤ ቤት ስገባ እቴቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። ለምሳ ፉል ሠራሁላቸው፣ በጠርሙስ ቂጥ ደቁሼ፣ ዘይቱን እያዞርኩ አፍስሼ። ጎረሱ። ያ የመጋዘን አቧራ ከለቀቃቸው ብዙ ዓመት ነው፤ አሁን ሽታ ይለያሉ።

"ይሄ ነው" አሉ። "እውነተኛው።" ከዚያ በየዓመቱ፣ በየበዓሉ የሚሏትን አሏት፦ "ይቺን ለራሱ ነፈጋት። ወንድሜ ለራሱ ሰስቶ ሞተብኝ።"

ስንት ጊዜ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ያን ቀን አቃተኝ።

"እቴቴ፣ አባዬ አይደለም" አልኩ። "እኔ ነኝ። ርካሹን ግዢ አላለኝም። እኔ ነኝ እየገዛሁ፣ በተረፈው ጣህኒያ ስበላ የነበርኩት። አንቱ ጠርሙሱን ይዘው ሲመጡ እሱ ለእኔ ብሎ ነው እኔ ነኝ ያለው።"

ማኘካቸውን አቆሙ። ከዚያ እጃቸው እየዳበሰ መጥቶ ጉልበቴን አገኘው፣ መታ መታ አደረገው።

"አይ ልጄ። ስሙን ልታነሺለት ብለሽ ነው። አይዞሽ፣ እኔ እንደሆን ይቅር ካልኩት ቆይቷል። ብቻ ለሙት ብለሽ በራስሽ ላይ አትዋሺ።"

"አልዋሸሁም፣ እቴቴ! የአባቴ አፅም ይፋረደኝ!"

"ተይ አልኩሽ!" ተቆጡ። "በገዛ አፉ ነው የነገረኝ። አዝዬ ያሳደግኩት ወንድሜ ነው፤ ከአንቺ በፊት አውቀዋለሁ። አበጀ ሌላ ጥፋት አያጣም፤ እኔን ግን አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም።"

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"ብይ እንጂ" አሉኝ።

በላሁ።